በዐቢይ ጾም የመጣ እርጎ

ወንድሜ በዐቢይ ጾም በመጀመሪያው ሳምንት እርጎ ይዞልኝ መጣ። ትልቅ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ሙሉ ነው። አፉ በንጹሕ ጨርቅ ታስሯል። እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አቅፎት ስለነበር በሩን ያንኳኳው በጫማው ጫፍ ነው። ከፍቼ ሳየው ለልጄ ያመጣላት መሰለኝ። እሱ ግን ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ ከመደርደሪያው ብርጭቆ ራሱ አውጥቶ፣ ቀድቶ ለእኔ ዘረጋልኝ። «እታለም፣ ጠጪ፤ ለሰውነት ጥሩ ነው» አለኝ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እሱ ደግሞ አሜሪካ በገባ በሁለተኛው ዓመት ጴንጤ ሆኗል። ጾም መሆኑን ረስቶ ነው እንዳልል፣ ያሳደገችን አንድ እናት ናት፤ በጾም ወተት የነካ ልጅ ምን እንደሚደርስበት ከእኔ ይልቅ የእሱ ጆሮ ያውቃል። ስለዚህ ብርጭቆውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ዓይን ዓይኑን አየሁት። እሱ ወደ መስኮቱ ዞረና ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የጠረጠርኩት።

መጠርጠር ለእኔ አዲስ አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይለዋል፤ እኔ ኖሬበታለሁ። በዚያን ጊዜ፣ በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ዳላስ አጠገብ ካሮልተን ውስጥ ከልጄ ጋር ባለሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን ስንኖር የሥጋ ቤቱን ሚዛን፣ የስልኩን ቢል፣ የጎረቤቴን ሰላምታ ሳይቀር እጠረጥር ነበር። ሥራዬ ግራንድ ፕሬሪ፣ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ዕቃ በካርቶን ስናሽግ እንውላለን። አለቃችን የሳቀ ዕለት፣ ዛሬ ሳያስመሸን አይቀርም ብዬ አስቀድሜ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ብዙውን ጊዜም አልተሳሳትኩም።

እርጎው ከመምጣቱ በፊት የሆነውን ልናገር። የገና በዓል ባለፈ ሰሞን ግራ ጡቴ ጎን ጠጠር ያለች እብጠት አገኘሁ፤ ሽምብራ የምታክል፣ ስነካት የማታመኝ። ለልጄ ነገርኳት። አባቷ ገና አገር ቤት ሳለን ስለሞተ እኔና እሷ ብቻ ነን። ያን ጊዜ የኮሌጅ ተማሪ ነበረች፤ በልጅነቷ ስለመጣች እንግሊዝኛዋ የፈረንጅ ነው፤ ሐኪም ቤትም ሆነ ባንክ ስንሄድ አፌም ጆሮዬም እሷ ናት። የእኔ እንግሊዝኛ የመጋዘን እንግሊዝኛ ነው፤ ከባድ፣ ቀላል፣ ቶሎ፣ ተሰብሯል ከሚለው አያልፍም።

ከእብጠቱ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ በስልክ ሲመጣ ልጄ ስልኩን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ሽቦው በበሩ ሥር ተወጥሮ ይታየኛል። ብዙ ቆየች። ወጥታ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ነው፣ ግን መውጣት አለበት ብላ ነገረችኝ። ፊቷን ታጥባ ነበር የወጣችው።

ቀዶ ጥገናው ተደረገልኝ። ስነቃ ከጡቴ ሌላ ብብቴም ሥር ተሰፍቶ አገኘሁት። ውሃ የቋጠረው ጡቴ ከሆነ ብብቴ ምን አጠፋ ብዬ ጠየቅሁ። ልጄ ከዶክተሯ ጋር በእንግሊዝኛ ብዙ ተነጋገረችና፣ ለጥንቃቄ ነው ትላለች አለችኝ። ዶክተሯ በሽታውን የምትጠራው በረጅሙ የሐኪም ስሙ ነው፤ ለእኔ ያላየሁት የአሜሪካ ከተማ ስም ይመስለኝ ነበር። ደግሞ ለክትትል ስንሄድ ልጄ አንድም ቀን በዋናው በር አስገብታኝ አታውቅም። ምድር ቤት ፓርክ አድርጋ በአሳንሰር ነው የምታወጣኝ። ስንፍና መሰለኝ። ያ ሁሉ ጥርጣሬዬ ሥጋ ሻጩ ላይ ሲያርፍ ከርሞ በገዛ ልጄ ላይ ግን አላረፈም።

ቁስሌ ጠግጎ ሥራ ልመለስ ስል ልጄ አዲስ ነገር አመጣች። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ለወራት እየተመላለስሽ መውሰድ አለብሽ፣ የሚያበረታ ነገር ነው አለችኝ። እኔ ብርቱ ነኝ አልኩ። ወጥቶ የተጣለ የውሃ ቋጠሮ የወራት መድኃኒት ምን ያደርግለታል? ሰውን አንዴ ከያዙ አይለቁም፣ መለማመጃ ሊያደርጉኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቀጠሮ ያዘችልኝ፤ አልሄድኩም። ሌላ ያዘችልኝ፤ ተቆጣኋት። ለመነችኝ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ሆኜ ከረምኩ። እርጎው የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ወንድሜ የሚኖረው ሳክሲ፣ ከዳላስ ወጣ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ያኔ እዚያ ከቤቱ አጥር ማዶ ላም ይታይ ነበር። ቀን በታክሲው ሰው ከኤርፖርት ሲያመላልስ ይውልና በመመለሻው ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ገበሬ ያልተፈላ ወተት መግዛት ጀምሮ ኖሯል። የሱቅ ወተት ይበላሻል እንጂ አይረጋም ይላል። ጠርሙሱንም ያጥነዋል። ወይራ ቴክሳስ ውስጥ ከየት ይምጣ? ለባርቤኪው የሚሸጠውን የእንጨት ፍርፋሪ ገዝቶ በእሱ አጠነው። ስለዚህ ያ እርጎ ገና ጨርቁ ሲነሳ የጥብስ ጭስ ይሸታል። ሥጋም ወተትም በማይበላበት ሰሞን ሁለቱንም በአንድ ጠርሙስ አቀረበልኝ ማለት ነው።

አልጠጣም አልኩት። ጠርሙሱን ትቶልኝ ሄደ። ሌላ ቀን መጥቶ የመጀመሪያውን ሳይነካ ሲያገኘው እሱን አንስቶ ትኩሱን አኖረ። ሚስቱ ደወለች፤ ስለ ጤናዬ ጠይቃ ስታበቃ እርጎውን እንዴት አገኘሽው አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያናቸው ሁለት ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡ፤ የእነሱም ወሬ ዞሮ ዞሮ እርጎ ላይ አረፈ። አንደኛዋ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የነርስ ረዳት ናት። ሰውነት ውስጥ ዘበኞች አሉ፣ እርጎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ዘበኞቹን ቀስቅሰው ወደ በሽታው ይልኳቸዋል እያለች ታስረዳኝ ጀመር። የቱ በሽታ ብዬ ጠየቅኋት። ቦርሳዋን መፈለግ ጀመረች፤ ቦርሳው ጭኗ ላይ ነበር። በአጠቃላይ ማለቴ ነው አለችና ሁለቱም ተነሡ።

እኔ ግን ነገሩ ቀድሞ ገብቶኛል ባይ ነበርኩ። ጴንጤ ሊያደርጉኝ ነው። ስብከት አልሰማም፣ መዝሙራቸውንም አልወድም፤ ስለዚህ በሆዴ በኩል መጡ። ዛሬ ጾሟን በእርጎ ትገድፋለች፣ ነገ ደግሞ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ ብላ ወደ እኛ ትመጣለች ብለው መክረዋል። እንዲህ አስቤ ስጨርስ በብልጠቴ ኮራሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ወንድሜ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ፣ በእርጎ ልታጠምቁኝ ነው ወይ አልኩት። ይከራከረኛል ብዬ ነበር፤ በሃይማኖት ነገር ተከራክሮ የሚደክመው ሰው አይደለም።  የእሱ ግን ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ጠርሙሱን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ወደ መኪናው ተመለሰ።

አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ጠርሙሱን አስገብቼ እርጎውን በሙሉ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት፤ ቤቱ ጥብስ ጥብስ ሸተተ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ቀረበችና ቧንቧውን ከፍታ ነጩ እስኪጠራ ድረስ ውሃ ለቀቀችበት።

ይህን ጉድ ለንስሐ አባቴ ልንገር ብዬ በማግስቱ ደወልኩ። እዚያው ዳላስ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ በጾም ነገር ቀልድ አያውቁም። ልደት ብለው በሁዳዴ ኬክ የቆረሱ ወላጆችን በስም ባይጠሩም ሁላችንም እስክናውቃቸው ድረስ ከመድረክ የሚገሥጹ ሰው ናቸው። እንግዲህ ስለ ወንድሜ ስነግራቸው ይነድዳሉ፣ ምናልባትም ደውለው ይገሥጹልኛል ብዬ ነው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ጠጪው» አሉኝ። «ለሕመምተኛ ይፈቀዳል።»

«አባቴ፣ እኔ ምን ታመምኩና? ቁስሌ ድኗል እኮ።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። አልተቋረጠም፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ ብለው ስልኩን ዘጉት።

ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ወንድሜና ንስሐ አባቴ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተገናኝተው ሰላምታቸው እንኳ ከአንገት በላይ ነበር። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ በሕይወቴ አላየሁም። አሁን የተስማሙት ደግሞ እኔ በዐቢይ ጾም ወተት እንድጠጣ ነው። ነገሩ ሃይማኖት ቢሆን አይስማሙም፤ እንግዲያው ሃይማኖት አይደለም። ጥብቅ ሰው ጾምን የሚያላላው ለማን ነው? ለሚሞት ሰው ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ብብቴ ሥር ያለው ስፌት ትዝ አለኝ፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር፣ የምድር ቤቱ አሳንሰር፣ ጭን ላይ ያለ ቦርሳ ፍለጋው፣ ሁሉም ተራ በተራ መጡብኝ። ፈራሁ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም፤ ስልኩን ቦታው መመለስ አቅቶኝ ደረቴ ላይ ይዤው ነበር።

እኛ ዘንድ ክፉ በሽታ ለባለቤቱ አይነገርም። ይሰበራል፣ ተስፋ ይቆርጣል ይባላል። ዘመድ ተሰብስቦ ይመክራል፣ ሐኪሙን እባክህ እንዳትነግራት ብሎ ይለምናል፤ ከበሽተኛው በቀር መንደሩ በሙሉ ያውቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚል ተረት አለን። ከገዛ ባለቤቱ ስለተደበቀ በሽታ ግን የተተረተ ነገር አላውቅም።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ተቀመጪ አልኳት። ምን አለብኝ ብዬ አልጠየቅኋትም። ቄሱ እርጎውን ጠጪ አሉኝ ብቻ ነው ያልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ እውነት ነው፣ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ።

«ካንሰር ነው እማዬ» አለችኝ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። አጎቴ እንዳትነግሪያት፣ አትችለውም አለኝ። ሶ... ትራንስሌት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ዶክተሯ ነግራሽ ነበር፤ የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

«እርጎውስ?»

«እርጎው መድኃኒት አይደለም። ኬሞውን፣ ያን በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት፣ እምቢ ስትዪ አጎቴ ጨነቀው፤ ለምን እንደሚያስፈልግሽ ሊነግርሽ አይችልም፤ ማለቴ፣ እውነቱን ሳይነግርሽ እንዴት አድርጎ ያሳምንሽ? ቢያንስ ይሄን ትጠጣ አለ።»

ለካ ለዶክተሯም ኮል አድርጋ ስለ እርጎው ጠይቃታለች። ዶክተሯ አልሳቀችባትም። የረጋ ወተት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የሰውነትን መከላከያ በዚህ ዓይነቱ ካንሰር ላይ ያነሳሱ እንደሆነ የሚመረምሩ ሰዎች አሉ፣ የሚሞክሩትም በአይጥ ነው፤ ለሰው ይሥራ አይሥራ ገና አይታወቅም፤ ቢሠራ እንኳ የኬሞውን ቦታ አይተካም ብላታለች። ያልተፈላ ወተት ግን በኬሞ ጊዜ ጭራሽ እንዳትነካ፣ ያን ጊዜ ዘበኞቹ ራሳቸው ይዳከማሉ ብላ አስጠንቅቃታለች። ልጄ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ጠርሙሱ በመጣ ቁጥር ልጠጣው ነው ብላ ትሰጋለች፣ ስደፋው ደግሞ ለወንድሜ ታዝናለች። እኔ ጴንጤ እሆን አልሆን ብዬ ስዋጋ እሷ በሁለት በኩል ትነድድ ነበር።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ አልዋሽም። ጡቱ የእኔ፣ ብብቱ የእኔ፤ ከታክሲ ነጂ እስከ ቄስ ሁሉም አውቆት እኔ ብቻ ስለ ውሃ ቋጠሮ አወራለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖብኝ ከረመ። ልጮህባት አፌን ስከፍት ግን አንገቷን አየሁ፤ ቀጥኗል፤ የሹራቧ አንገት ሰፍቷታል። ያን ቃል በዚያ ዕድሜዋ ብቻዋን ተሸክማ፣ ትምህርት ቤት እየሄደች፣ እየተመለሰች፣ እየዋሸችኝ፣ ወጥ እየሠራችልኝ ከርማለች። ጎትቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፤ ከልጅነቷ ወዲህ እንደዚያ አስቀምጫት አላውቅም።

ወንድሜ ሲመጣ ልጄን ሱቅ ልኬያት ነበር። የሚገባውን ሁሉ ሰደብኩት። ጨርሼ ስተነፍስ ጫማውን እያየ መናገር ጀመረ።

«እታለም፣ እማማን ጉበት ነው የገደላት ብለን የነገርንሽ ውሸት ነው። ጡቷ ነበር። ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገራት፤ ቤት ገብታ ወደ ግድግዳ ዞረች፤ እህል አልቀምስም አለች። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንቺን ደግሞ እንደዚያ ማየት ፈራሁ።»

እናታችን ስትሞት እኔ ሌላ ከተማ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ለጠየቀኝ ሁሉ ጉበት ነው ስል ኖሬአለሁ። ተጠራጣሪዋ እኔ፣ የእናቴን ሞት አንድ ቀን አልጠረጠርኩም። ወንድሜን ልቆጣው ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። አብረን አለቀስን፤ እሱም እግረ መንገዱን ከገበሬው ወተት መግዛቱን ሊያቆም ቃል ገባልኝ። በኋላ የሱቅ እርጎ ያመጣልኝ ጀመር። ቄሱ ስለፈቀዱልኝ ጠጥቼዋለሁ፤ ጠቅሞኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አሁንም ስጠጣው በጥርጣሬ ነው።

በዚያው ሳምንት ከልጄ ጋር ዶክተሯ ዘንድ ሄድን፤ በዋናው በር። በላዩ የካንሰር ማዕከል ተብሎ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበብኩትና ገባሁ። ዶክተሯ ስታየኝ ተነሥታ እጄን ያዘች። ኬሞውን እወስዳለሁ አልኩ። የዘገየው ጥሩ አይደለም፣ ግን ጊዜው አላለፈም አለች፤ ልጄም እንዳለችው አድርጋ ነገረችኝ። ከዚያ ስለ ቤተሰብ ጠየቀችኝ፤ ይህ በሽታ የነበረበት ሰው ነበር ወይ አለች።

ልጄ ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊትም ተጠይቃለች፤ የለም ብላ መልሳለች፤ የምታውቀው ጉበቱን ነው። አሁን ግን፣ እናቴም የሞተችው በጡት ካንሰር ነው በያት አልኳት። ልጄ ዘወር ብላ አየችኝ። ከዚያ ቃል በቃል ተረጎመችው።

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ወንበሯን አዙራ መናገር የጀመረችው ለእኔ አይደለም፤ ለልጄ ነው። በዝግታ፣ እጇን በልጄ ጉልበት ላይ አድርጋ ነበር የምትናገረው። ልጄ ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻት። ዶክተሯ ጨረሰች።

«ምን አለች?» አልኳት።

«ምንም። የቀጠሮ ነገር ነው» አለችኝ። እጇ ግን ሳታውቀው ደረቷ ላይ ወጥቶ ሹራቧን ጨብጦ ይዟል።

«ንገሪኝ።»

«ስለ እኔ ነው» አለች። «አያቴም አንቺም ስለታመማችሁ እኔም ቀደም ብዬ መታየት መጀመር አለብኝ ትላለች። በየጊዜው።»

አንቺን አይነካሽም ልላት ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። እሷም ዓይኗን ሳትነቅል የምለውን ትጠብቃለች።

ዋጥኩት። «መቼ እንደምትጀምሪ ጠይቂያት» አልኳት። «የምትልሽን ደግሞ ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»